ወገቤን ያመኛል ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ልታይ ሄጄ፣ ነርሷ ባለጎማ ዘንግ ላይ የተሰካ ስክሪን እየገፋች መጣችና ፊት ለፊቴ አቆመችው። ስክሪኑ ላይ ማዳመጫ ያጠለቀች፣ ከልጄ ከሜላት ብዙ የማትበልጥ ወጣት ብቅ አለችና «ጤና ይስጥልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚዎ ነኝ። እዚህ የሚነገረው ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል። እባክዎ ሲናገሩ አጠር አጠር አድርገው ይናገሩልኝ» አለች። ሳቄ መጣ። ልያዘው ብል አልያዝ አለኝ። ነርሷ ግራ ገብቷት ታየኛለች፣ ልጅቷም ከስክሪኑ ውስጥ ታየኛለች። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ቀጥዪ» አልኳት። እማማ መባሉ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መቼ እማማ ሆንኩ? ግን ያሳቀኝ እሱ አይደለም። ያሳቀኝን ለመናገር ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ፤ ስሄድ ደግሞ እስከ ዛሬ በደንብ ያልገባኝ ቦታ ላይ እየደረስኩ እቆማለሁ።

ያኔ የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነበር፤ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ወደ ሃቫና ስትሪት በሚወስደው መንገድ፣ ባለሁለት ፎቅ ቡናማ አፓርታማዎች ውስጥ። ዛሬም አሉ፤ ቀለም ተቀብተው ኪራያቸው የማይቀመስ ሆኗል። ሃቫና ያኔ አሁን የምታዩት ዓይነት አልነበረም። የኮሪያዎቹ ሱፐርማርኬት፣ ባለ ብዙ ቀለም ባንዲራ እያውለበለቡ አሮጌ መኪና የሚሸጡት ሜዳዎች፣ በመሃል በመሃል አንድ ሁለት የኛ ሰዎች ሱቆች፤ በርበሬ፣ የስልክ ካርድና የሠርግ ቪዲዮ አንድ መደርደሪያ ላይ የሚሸጡ። የአምስት ዶላር ካርድ ገዝተን ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን ስንደውል፣ የተቀዳችው ሴትዮ «ይህን ያህል ደቂቃ አለዎት» ትላለች፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ይቋረጣል። ቤንዚን ሁለት ዶላር ሲገባ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ወንዶቹ ታጣፊ ስልካቸውን በቆዳ ማኅደር ቀበቷቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ሲዘጋ ቀጭ የሚለው ድምፁ ራሱ ኩራት ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ያንን እንደ ከፋይ የሚለሰልስ ቱታ፣ ጀርባው ላይ የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ ያለበትን ይለብሱ ነበር። እኔም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አንድ ነበረኝ፤ ክርስትና ሁሉ ለብሼው ሄጃለሁ፣ አሁን ፎቶውን ሳይ ፊቴን እሸፍናለሁ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ስለ ጦርነት ያወራ ነበር፤ የትኛው እንደነበር ይምታታብኛል።

ባለቤቴ ታደለ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኤርፖርት አጠገብ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ እዚያ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ አራት ሰዓት ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ልጃችን ናቲ ሊወለድ ሲቃረብ ነው፣ «ይህ ጊዜ በከንቱ ከሚባክን» ብሎ በስልክ የማስተርጎም ሥራ የጀመረው። ቢሮው ትንሽ ነበረች፤ የአማርኛ አስተርጓሚዎቿ በጠቅላላው ሦስት ነበሩ። ሐኪም ቤት ወይም ትምህርት ቤት ሲደውል፣ ታደለ ታክሲዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ መስኮቱን ዘግቶ ያስተረጉማል። አንዲት ሰማያዊ ደብተር ነበረችው፤ ማታ ማታ እራት እየበላን የበሽታና የሰውነት ስም እየጠየቀ ይጽፍባታል። «ወይኑ፣ ይሄን ብላደር የሚሉትን ምን እንበለው?» «የሽንት ፊኛ ነዋ!» «ፊኛ ብቻ ብል ልጆች የሚነፉት አይመስላቸውም?» እንስቃለን። ታደለ ቀልደኛ ነበር፤ ያገባሁትም ለዚያ ነው ማለት ይቻላል። የሰው ምስጢር ላይ ግን ቀልድ የለውም። «ዛሬ ማን ደወለ?» ስለው «ሰው» ይላል። «ሴት ነች ወንድ?» «ሰው አልኩሽ እኮ! ፈርሜያለሁ።»

ናቲ ትልቅ ልጅ ነበር፤ አሥር ፓውንድ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ምጡ ረጅም፣ መግፋቱ ደግሞ ከምጡ የባሰ። በሁለተኛው ቀን ልጁን ታቅፌ ወጣሁ፤ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፣ ገንፎው መጣ፣ ሁሉም ነገር እንደ ወጉ ሆነ። በወለድኩ በሁለተኛው ወር ሥራ ገባሁ። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ሆቴሎቹ ፍራሽ የሚያወፍሩበት ፋሽን መጥቶ ነበር፤ አንሶላውን ለመክተት የፍራሹን ጥግ ወደ ላይ ብድግ ማድረግ አለባችሁ፣ አራት ጥግ በየአልጋው፣ ሁለት አልጋ በየክፍሉ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ቤት ገብቼ ስታጠብ እጄ ያልነበረ ነገር ነካ። ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የተላጠ ቅቅል እንቁላል ይመስላል። እጄን አነሳሁ። መልሼ ነካሁት። አለ።

ምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። መጀመሪያ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ቀርቶብኛል አልኩ። ቀጥሎ ካንሰር ነው አልኩ። ጠዋት ስነሳ ግን የለም! ደህና ነኝ፣ ንጹሕ ነው። ደስ ብሎኝ ሥራ እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ፣ አሥረኛው ክፍል ላይ ስደርስ፣ አንድ ነገር ወደ ታች የሚስበኝ ይመስለኛል፣ ቤት ስገባ እንቁላሉ ቦታው ላይ ነው። ጠዋት የለም፣ ማታ አለ። ካንሰር እንደዚህ ይመላለሳል እንዴ? ከሰውነቴ ይልቅ አእምሮዬን መጠራጠር ጀመርኩ። ሽንቴም ተበላሸ፤ ጨርሼ ተነስቼ መንገድ ላይ መልሶ ይመጣል፣ ሳስነጥስ ያመልጠኛል፣ ታደለ ሲያስቀኝ ደግሞ ጨርሶ አይያዝልኝም። የማህፀን መውጣት የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ግን ከባድ እንጨት የሚሸከሙ የገጠር ሴቶችን የሚያገኛቸው ነገር ይመስለኝ ነበር። እኔ የምሸከመው ፍራሽ ነው፣ እሱም በአሜሪካ።

ፎቅ ላይ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የመርካቶ ሴት ነበሩ፤ ሰባት ወልደው ያሳደጉ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ልጆቹን የሚይዙልኝ። ስንት ቀን ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። አንድ ቀን ደፈርኩ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ከወሊድ በኋላ… የሚወርድ ነገር አለ?»

«ወተት ነዋ የሚወርደው! አልወርድ አለሽ?»

«ኧረ ወርዷል።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አልኩ። በማግስቱ አብሽ አፍልተው በትልቅ ማሰሮ ይዘውልኝ ወረዱ። «ጠጪ፣ ደረትሽ ይሞላል» አሉኝ። ወተቴ ሞልቶ የሚፈስ ሴትዮ ሳምንት ሙሉ አብሽ ጠጣሁ።

ከታደለ ሸሸሁ። እንዴት አድርጌ ልንገረው? ምን ብዬ? ስሙን የማላውቀውን ነገር? ፍራሼን ልጆቹ ክፍል አነጠፍኩ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ምንም። ልጁ ሌሊት ይነሳል፣ አንተ ሥራ አለህ» አልኩት። «ለሜላት ጊዜ እንደዚህ አላደረግሽም» አለ፤ እውነቱን ነው። እሁድ እሁድ ፓርክ ሂል ወደሚባለው የሀብታም ሰፈር ወስዶ በትላልቆቹ ዛፎች ሥር እየነዳ «ይቺን ቤት እንግዛ ወይስ ያቺን?» እያለ ያስቀን ነበር፤ እዚያ መሄድም ተውኩ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ ስለሚከብደኝ። እሱ የገባው ሌላ ነው። ጓደኞቹ ሴት አሜሪካ ስትቆይ ትለወጣለች እያሉ የሚያወሩት ወሬ ነበር፤ ያ ወሬ ቤታችን የገባ መሰለው።

በመጨረሻ፣ አንድ ከሰዓት ፍራሽ ብድግ ሳደርግ ሁሉም ነገር ወደ ታች ዝቅ ያለ መሰለኝና የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በእረፍት ቀኔ ለማንም ሳልናገር ልጆቹን ለእትዬ ዘሀራ ትቼ፣ በኮልፋክስ አውቶቡስ ክሊኒክ ሄድኩ።

ዶክተሯ ወጣት ነች፣ የሩጫ ጫማ አድርጋለች። በእንግሊዝኛ ልሞክር ብል የኔ እንግሊዝኛ የሆቴል እንግሊዝኛ ነው፤ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ቆይቼ ልመለስ? ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። «አስተርጓሚ ልጥራልሽ» አለችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ድምፁን ከፍታ ደወለች። ሙዚቃ ተጫወተ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ጤና ይስጥልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። የሚነገረው ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል። እባክዎ ሲናገሩ አጠር አጠር አድርገው ይናገሩ» አለ።

ታደለ ነው።

መጀመሪያ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት። መስመሩ ይሻክራል፣ ድምፁ የዜና አንባቢ ድምፅ ሆኗል። ግን ያ ጉሮሮ አጠራረግ የማን ነው? ከጀርባው አውሮፕላን ሲያልፍ ሰማሁ። ለዶክተሯ «ይሄ ባሌ ነው» ልላት ፈለግኩ፤ ባል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ ከአእምሮዬ ጠፋ። በአማርኛ ብናገር ደግሞ የሚያስተረጉመው እሱ ነው!

«ዛሬ በምን ምክንያት መጡ?» አለኝ። እርስዎ! የሰባት ዓመት ባሌ እርስዎ ይለኛል።

«ወገቤን» አልኩ። «ወገቤን ያመኛል።»

ዝም አለ። እኔ መሆኔን ያወቀው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ አስተረጎመ። አስተርጓሚዎች እንደ ተናጋሪው ሆነው ነው የሚናገሩት፤ «ወገቧን ያማታል» አይሉም፣ «ወገቤን ያመኛል» ነው የሚሉት። የታደለ ድምፅ ወገቤን ያመኛል አለ።

ዶክተሯ ጀርባዬን በጣቷ ተጫነችው፤ እዚህ ነው? እዚህ ነው? እኔም አዎ፣ አይ፣ እዚያ፣ እያልኩ ዝም ብዬ ዋሸሁ፤ እሱም ውሸቴን በሥርዓት አስተረጎመ። ሌላ ሕመም አለ? የለም። ልሄድ ነው፤ አበቃ። ዶክተሯ ወረቀቷን አየችና ለሁሉም ሴት የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ቤትዎ ውስጥ… የሚመታዎ፣ ወይም የሚያስፈራዎ ሰው አለ?» አለኝ ታደለ።

«የለም» አልኩ። «ባሌ ጥሩ ሰው ነው።»

ይህን ማስተርጎም ነበረበት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረ፣ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ። በእንግሊዝኛ «ባሌ ጥሩ ሰው ነው» ሲል ድምፁ ሟሸሸ። እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ፤ እዚያ ድምፅ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ደግሞም እርስዎ ሲለኝ ባሌ አይደለም፣ ሰው ነው። ለሰው ይነገራል።

«አንድ ነገር አለ» አልኩ። «ከታች የሚወጣ ነገር አለ።»

«አስተርጓሚው በትክክል አልሰማም፤ እባክዎ ይድገሙት።»

«ከብልቴ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከብልቴ የሚወጣ እብጠት አለ። ጠዋት የለም፣ ሥራ ውዬ ስመጣ አለ። እንቁላል በሁለት እግሬ መሃል ይዤ የምሄድ ይመስለኛል። ሽንቴ አያልቅም። ስስቅ ያመልጠኛል። ልጆቹ ክፍል የምተኛው ለዚህ ነው። ባሌ የጠላሁት መስሎታል።»

አጠር አድርጊ መባሉን ረስቼው ነበር። እሱ ግን አንዲት ቃል አላስቀረም። ቀስ እያለ፣ «እኔ» እያለ፣ የኔን ገላ በአፉ ይዞ እስከ መጨረሻው ተናገረ። ዶክተሯ ወንበሯን ሳበች። ልመርምርሽ አለች። ስልክ ዓይን የለውም፤ እኔ ግን ወደ ግድግዳው እንዲዞር ለመንኩ፣ ልመናዬንም ያስተረጎመው እሱ ነው። እንድስል፣ እንድገፋ አደረገችኝ፣ ለበስኩ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዶክተሯ ስትናገር ታደለ አንዱን ቃል ከየትም ማምጣት አቃተው፤ ሰማያዊ ደብተሩ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ፣ አላለፍንበትም። እየፈለገ፣ እየጣለ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ማህፀንንና የሽንት ፊኛን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። በወሊድ ጊዜ ይለጠጣል፣ ይላላል። ሲላላ ከላይ ያለው ወደ ታች ይወርዳል። የእርስዎ በይበልጥ ፊኛዎ ነው የወረደው፤ ማህፀንዎም ትንሽ ወርዷል። ጠዋት የሚጠፋው ተኝተው ስለሚያድሩ ነው። ካንሰር አይደለም። የወለዱ ብዙ ሴቶች ያጋጥማቸዋል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።» ቆም አለ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ዶክተሯ አንድ ጊዜ ነው ያለችው። ያን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አውቃለሁ።

ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ፣ ውስጥ የሚገባ የሚደግፍ ቀለበት አለ፣ መውለድ ካቆምሽ በኋላ ካስፈለገ ኦፕሬሽን አለ ብላ ለቀለበቱ ሌላ ቀን ቀጠረችኝ። «አመሰግናለሁ፤ መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ ስልኩ። ቀጭ።

አውቶቡስ ውስጥ፣ ማታ ከታደለ ጋር የምንባባለውን ሁሉ አሰብኩ። ታደለ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገባ። ዳይፐር ይዟል። «እንዴት ዋላችሁ?» አለ። «ደህና። አንተስ?» «ሥራ ቀዝቃዛ ነበር።» እጁን ታጠበ፣ በላ፣ ናቲን አቀፈ። ጠበቅኩ። ምንም። በማግስቱም ምንም። ሳምንቱም አለፈ። እኔ ልክ እንደ መጀመሪያው ግራ ገባኝ፤ እሱ አልነበረም እንዴ? ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሞልቷል፤ አውሮፕላንም ሞልቷል። ደግሞ እላለሁ፣ እሱ ነው፣ አሁን ተጸየፈኝ። ምክንያቱም ያ ሁሉ ቀልዱ ቆመ። ቤት ሲገባ ቀልድ የለ፣ በሰው መሳለቅ የለ፣ ሜላትን ሲያጫውት እንኳ እኔ ስመጣ ዝም ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ የልብሱን ቅርጫት ላውንድሪ የሚያወርደው እሱ ሆነ። የጤፍ ዱቄቱን ጆንያ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍሎ መደርደሪያ ላይ ደርድሮት አገኘሁ። የናቲን የመኪና ወንበር ሳላነሳ ቀድሞ ያነሳል። የሚጸየፍ ሰው እንደዚህ ያደርጋል? የማያውቅ ሰውስ?

ለቀለበቱ ስሄድ ስልኩ ላይ የወጣችው አስተርጓሚ ሴት ነበረች፣ የሌላ ከተማ። ትንፋሼን ለቀቅኩ፤ እውነቱን ልናገርና ትንሽም ከፋኝ። ቀለበቱ የላስቲክ ክብ ነው፤ መጀመሪያ ሳየው የማሰሮ ክዳን ጎማ መሰለኝ። አንዱን ሞከረችልኝ፣ ጠበበ። ሌላውን፣ ኮሪደሩን ዞሬ ስመለስ ወረደ። ሦስተኛው ገባና ጠፋ። ቁጢጥ በዪ፣ ሳዪ፣ ተራመጂ አለችኝ። የለም። ያ እብጠት ከጀመረኝ ወዲህ ከሰዓት በኋላ በሁለት እግሬ መሃል ምንም ሳይኖር መጀመሪያ የተራመድኩበት ያ ኮሪደር ነው። በሳምንት አንዴ አውጥቶ በሳሙና ማጠብ፣ መልሶ ማስገባት። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይ ስቦ መያዝ፣ መልቀቅ፤ ያንን እስከ ዛሬ ሃቫና ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ እሠራዋለሁ። ለሆቴሉ ደብዳቤ ጻፈችልኝና ከአልጋ ወደ ፎጣ ማጠፍ ተዛወርኩ። ዳነ ማለት አይደለም። ቀለበቱ ስንት ጊዜ ተቀይሯል፣ አንዳንድ ዓመት ያስቸግራል፣ ሌላ ዓመት መኖሩንም እረሳለሁ። ኦፕሬሽኑን ስንቴ ቀጠሮ ይዤ ስንቴ ተውኩት፤ ለምን እንደተውኩት አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም።

እና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቀለበቱን ካገኘሁ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ አውጥቼ አጥቤ የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ናቲ አለቀሰ፣ ወጣሁ። ስመለስ የለም። ሳሎን ውስጥ የሜላትን ድምፅ ሰማሁ፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በአማርኛ ብትጠይቋት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው።

«ዳዲ፣ ሉክ! ማይ ብሬስሌት!»

በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ልጄ ቀለበቱን እንደ አምባር ክንዷ ላይ አጥልቃ አባቷ ፊት ታሽከረክረዋለች። ታደለ አየው። ፊቱ ምንም አልተለወጠም። «በጣም ያምራል» አላት። «ግን የእማዬ ነው። እማዬ ትፈልገዋለች።» ቀስ አድርጎ ከክንዷ አወጣው፣ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፣ ሙቅ ውኃ ከፈተ፣ በሳሙና ውስጡንም ውጪውንም እያዞረ አጠበው፣ በደንብ አለቀለቀው፣ ከመሳቢያ ንጹሕ ፎጣ አውጥቶ ፎጣው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እኔን አየኝ። እጁ ይንጠባጠባል።

«ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አንቺ ካልነገርሽኝ አላውቅም።»

«ታደለ! አንተ ነበርክ አይደል?»

«ምን የት ነበርኩ?»

«አትቀልድብኝ።»

«አልቀልድም» አለ።

«አዎ፣ አትቀልድም! ቀልድህን ሁሉ የት ጣልከው? ወር ሙሉ አንድ ቀን አላሳቅከኝም። ተጸየፍከኝ?»

«እንዴ! ስስቅ ያመልጠኛል ስላልሽ እኮ ነው…» አለና እርጥብ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሜላት ቴሌቪዥኑ ፊት ሄዳ ቁጭ ብላለች። ታደለ የወጥ ቤቱን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረኝ፤ የሰማውን አይደለም፣ ያጠፋውን። የሚያውቁት ሰው መስመሩ ላይ ከመጣ ወዲያው ተናግሮ ለሌላ አስተርጓሚ መልቀቅ ግዴታ ነው። «አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ልል አፌን ስከፍት ወገቤን አልሽ። እዚያ እንድትዋሺ ያደረግኩሽ እኔ መሰልኩኝ። ከዚያ ደግሞ መናገር ጀመርሽ፤ ካቋረጥኩሽ ሁለተኛ ለማንም የምትናገሪ አልመሰለኝም።» በማግስቱ ራሱ ቢሮው ሄዶ ተናዝዟል። የሚያስተረጉምበትን ስልክ ነጥቀውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ሥራ ቀዝቃዛ ነው» ሲለኝ የከረመው ይህን ነው። በኋላም ወደዚያ ሥራ አልተመለሰም።

«ታዲያ ቤት መጥተህ ለምን አልነገርከኝም? ስንት ሳምንት ልቤን አደረቅከው!»

«እዚያ የሰማሁት የኔ አይደለም፣ የበሽተኛዋ ነው። ምን ብዬ ላንሳው? ቀን ቀን ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ። አሁን ንገሪኝ። እንደ አዲስ እሰማለሁ።»

እንዴት እንደተናደድኩበትና እንዴት እንዳዘንኩለት ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ያም ሆኖ ነገርኩት። ከፍራሹ ጀምሬ፣ ከእንቁላሉ፣ ከጠዋቱና ከማታው፣ ከእትዬ ዘሀራ አብሽ። አብሹ ላይ ልንስቅ ደርሰን ነበር። አንዴም አላቋረጠኝም። ዶክተሯ ብዙ ጠይቃኛለች፤ መቼ ጀመረ፣ ምን ያህል ይወጣል፣ ሽንት ስንት ጊዜ። ሴትዮዋ አስተርጓሚም፣ ነርሷም ጠይቀውኛል። ታደለ የጠየቀኝን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«ፈርተሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «በጣም።»

ከዚያ በላይ አላወራንም። ናቲ ነቃ፣ ታደለ ሄዶ አቀፈው። ገና ቀን ነው፣ ፀሐዩ ምንጣፉ ላይ ወድቋል፣ ሜላት ካርቱኗን ታያለች። ሶፋው ላይ ወጣሁ፣ ሁለት ትራስ እግሬ ሥር አደረግኩና፣ ለምን እንደተኛሁ ለማንም ሳልዋሽ፣ በጀርባዬ ተኛሁ።